አንጋፋ አሠልጣኞች ምን ዓይነት የአቻ ቡድን ይበጃቸዋል? ለድሬዳዋና ለሐረር የራስ እንክብካቤ ፕሮግራሞች የንጽጽር መመሪያ

ከስኳር ሕመም፣ ከደም ግፊት፣ ከአስም ወይም ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ራስን የመንከባከብ ሥልጠና በሚሰጥበት ፕሮግራም ውስጥ አዲስ አሠልጣኝ ከላዩ የሚያየው ሰው አለው። አንጋፋው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይከታተለዋል፣ መመሪያውን ሲዘል ያስታውሰዋል፣ ሲሳካለትም ያመሰግነዋል። አንጋፋውን ግን የሚያየው የለም። የአሠልጣኞች አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ዓመታት ቢያልፉም «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም፤ የሚደርሰው ምስጋና፣ አበልና ተጨማሪ የሥልጠና ጥሪ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ክፍተት በአቻ ቡድን፣ ማለትም እኩል ደረጃ ያላቸው አሠልጣኞች ስለ ሥራቸው እርስ በርስ በሚደጋገፉበት ስብስብ፣ ለመሙላት ለሚያስቡ አስተባባሪዎችና ለአንጋፋዎቹ ለራሳቸው ሲሆን፣ በድሬዳዋና በሐረር ሁኔታ ሊሠራባቸው የሚችሉ አምስት መንገዶችን ያነጻጽራል።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የዚህ ዓይነት ሥልጠናዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬት ሎሪግና በባልደረቦቿ የተቀረጸው ነው። ከ10 እስከ 16 የሚደርሱ ተሳታፊዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ሳምንታት ይገናኛሉ፤ ሁለት አሠልጣኞችም በተጻፈ መመሪያ ይመሩታል። ተሳታፊው በየሳምንቱ የሚፈጽመውን አንድ ነገር ራሱ መርጦ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያደርገው ይናገራል፤ ከዚያም እንደሚፈጽመው ያለውን እርግጠኝነት ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይመዝናል። ቁጥሩ ከ7 በታች ከሆነ ዕቅዱ ይቀነሳል፣ ወይም እንቅፋቱ ተፈልጎ መላ ይመታለታል። የአሠልጣኞቹ እርከን ሦስት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎችን ይመራሉ፣ ሁለተኛዎቹ እነዚህን ያሠለጥናሉ፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ሁለተኛዎቹን ያሠለጥናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና 952 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተሳታፊዎቹ ከስድስት ወር በኋላ የአካል እንቅስቃሴያቸው፣ ከሐኪም ጋር ያላቸው መግባባትና ስለ ጤናቸው ያላቸው ግምት እንደተሻሻለ፣ ሆስፒታል መተኛታቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ውጤት የተገኘው ግን ሥልጠናው በተጻፈው ልክ በተሰጠበት ሁኔታ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከመመሪያው ርቆ የሚያሠለጥን አንጋፋ፣ ያልተፈተነ ነገርን በተፈተነ ነገር ስም እየሰጠ ነው፤ ከሥሩ ያሉትም ያንኑ ይዘው ይወጣሉ።

መጀመሪያ ጉዳዩን መለየት

አንጋፋ አሠልጣኞች ሲገናኙ የሚያነሷቸው ጉዳዮች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ የሚፈልጉት መድረክ አንድ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ ማቀዝቀዣ የሌላት አንዲት ተሳታፊ ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ ብታኖረው ይበቃ እንደሆነ ጠየቀች እንበል። ይህ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በአገልግሎት ላይ ያለው አብዛኛው ዓይነት ደግሞ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአራት ሳምንታት ገደማ ይቆያል፤ የእርሷን ዓይነት በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፋርማሲስቱ ነው። በረመዳን የሚጾም የስኳር ታማሚ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ ጾሙን መፍታት እንዳለበት የሚገልጸው ምክርም የተጻፈና የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስድስት አሠልጣኞችን ለሁለት ሰዓት ማከራከር የለበትም፤ ለሚያውቀው ባለሙያ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ሴትዮዋ ስትጠይቅ አሠልጣኙ የስድስቱን ሳምንት መርሐ ግብር ትቶ ስለ ኢንሱሊን ረጅም ገለጻ አደረገ፤ ሌሎቹ ተሳታፊዎች ዝም አሉ፤ በቀጣዩ ሳምንት ሦስቱ አልመጡም። እዚህ ላይ ምን ተደረገ፣ ምንስ ቢደረግ ይሻል ነበር የሚለው በማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የለም። የውሳኔ ጉዳይ ነው፤ የአቻ ቡድን ዋና ሥራም ይኸው ነው። ከዚሁ ወገን የሚመደብ፣ በአገራችን ሁኔታ ደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላም አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ለአሠልጣኝነት ሥልጠና የላከው ሰው ሥራውን ሳይሆን የውሎ አበሉን ፈልጎ መምጣቱ በሁለተኛው ቀን ቢታወቅ፣ አንጋፋው የምስክር ወረቀቱን ይፈርማል ወይስ አይፈርምም? ላለመፈረም ከወሰነስ፣ ነገ የዚያን መሥሪያ ቤት አዳራሽ የሚለምነው ማን ነው?

ሦስተኛው ወገን ሸክም ነው። ብዙ አንጋፋ አሠልጣኞች ራሳቸው ከሕመም ጋር የሚኖሩ ናቸው። ራሱ የስኳር ታማሚ የሆነ አሠልጣኝ፣ ባለፈው ዙር የነበረ ተሳታፊ እግሩ ተቆርጦ ሲመለስ ካየ በኋላ እንደ ወትሮው «ዕቅዳችሁን ተናገሩ» እያለ ክፍል መምራት ሊከብደው ይችላል። ይህ መፍትሔ የሚፈለግለት ሳይሆን የሚሰማ ሰው የሚፈለግለት ጉዳይ ነው።

አራተኛው ደግሞ ከመመሪያው ቀስ በቀስ መራቅ ሲሆን፣ ክፋቱ ባለቤቱ አለማየቱ ነው። ስለዚህም በጉዳይነት ይዞት የሚመጣ ሰው አይኖርም፤ ሌላ ሰው ካላየው በስተቀር አይታወቅም።

ንግግሩ የት ይደርሳል?

ከአምስቱ መንገዶች አንዱን ከመምረጥ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በቡድኑ ውስጥ የተነገረው ነገር ወደ ኃላፊ ጠረጴዛ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ነው። የስብሰባው ቦታ፣ ሰዓት፣ የአባላት ብዛትና ወጪው ሁሉ ከዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ለዚህ ምክንያት አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ የአገራችን ሰው ስለ ድክመት የሚወራበትን ስብሰባ ከግምገማ ለይቶ ለማየት ይቸገራል። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ያለፉ የጤና ባለሙያዎችም ቡድን ሲባል መጀመሪያ የሚታያቸው ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ነው። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው ስለ ራሱ ችግር ተናገር ሲባል ስለ በጀት እጥረት፣ ስለ አዳራሽና ስለ ነጭ ሰሌዳ ይናገራል፤ እውነቱን ነው፣ እነዚህም ይጎድላሉ፤ ነገር ግን ስብሰባው በዚያ ያልቃል። ስለሆነም አዘጋጁ ለአባላቱ «እዚህ የሚነገረው አይወጣም» ብሎ ማረጋገጥ የማይችል ከሆነ የአቻ ቡድን የሚለውን ስም ባይጠቀም ይሻላል። የክትትል ስብሰባ ብሎ ቢጠራው ቢያንስ ማንም አይታለልም።

በመሥሪያ ቤቱ የሚመራ ወርሃዊ ስብሰባ

ይህ በጣም የተለመደው ነው። አስተባባሪው ይጠራል፣ አጀንዳ ይይዛል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ጥቅሙን ማሳነስ አይገባም፤ የሥልጠና ቀን የሚወሰነው፣ የሠልጣኝ መመልመያ መስፈርት የሚጠብቀው፣ ከላይ የተጠቀሰው የምስክር ወረቀት ጉዳይም በመጨረሻ እልባት የሚያገኘው ሥልጣን ባለው ስብሰባ ነው። አንድ አንጋፋ ብቻውን ተጋፍጦ «አልፈርምም» ከሚል፣ ስብሰባው መስፈርቱን በጽሑፍ አውጥቶ ከለላ ቢሰጠው ሥራው ይቀላል።

ጉድለቱ ከዚሁ ጥቅም ይመነጫል። ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ጥርጣሬ የሚነገርበት ቦታ ሊሆን አይችልም። ቀጣዩን ዙር ማን እንደሚያሠለጥን የሚወስነው ሰው በተቀመጠበት፣ ያለፈው ዙር እንዴት እንደተበላሸ የሚተርክ አንጋፋ አይገኝም። ፕሮግራሙ ይህን ስብሰባ ካለው ይቀጥልበት፤ በአቻ ቡድን ምትክ ግን አይቁጠረው።

ከውጭ በሚመጣ አወያይ የሚመራ ዝግ ቡድን

የዚህ መንገድ ታዋቂ ምሳሌ ሚካኤል ባሊንት የተባለው ሐኪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በለንደን ከጠቅላላ ሐኪሞች ጋር የጀመረው ቡድን ነው። አንድ አባል ስለ አንድ ታካሚ ያለ ማስታወሻ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይልና ሌሎቹ በእርሱና በታካሚው መካከል ምን እየሆነ እንደሆነ ሲወያዩ ያዳምጣል። አወያዩ ምክር ማዝነብን ይገታል። ለአሠልጣኞች ሲወሰድ ከሦስተኛው ወገን፣ ከሸክም ጉዳይ ጋር በሚገባ የሚገጥመው ይህ ነው፤ የሠለጠነ አወያይ ለቅሶ ሲመጣ አይደነግጥም፣ ዝምታንም ለመሙላት አይቸኩልም።

በእኛ አካባቢ ዋናው እንቅፋት ሰው ነው። በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ሕይወት ፋና ስላሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ ነገር ግን ባለሙያው የአሠልጣኞቹ የሥራ ባልደረባ ወይም የቀድሞ መምህር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይህን ይፈታል፤ በየወሩ ግን አይዘለቅም። ሁለተኛው እንቅፋት ክፍያው ነው። የአወያዩን አበል የሚከፍለው ፕሮጀክት ከሆነ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቡድኑም ይዘጋል፤ ይህን በሌሎች ብዙ መልካም ጅምሮች ላይ አይተነዋል። በእኔ ግምት ይህ መንገድ የዘወትር ቡድን ከሚሆን ይልቅ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚጠራ፣ እንዲሁም ተሳታፊ ሲሞት ወይም በአባላት መካከል ጠብ ሲገባ የሚፈለግ ቢሆን ይሻላል።

አባላቱ በተራ የሚመሩት ቡድን

ለአብዛኛው የድሬዳዋና የሐረር ሁኔታ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ሬግ ሬቫንስ የተባለው እንግሊዛዊ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገሩ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ኃላፊዎች ዘንድ ያስፋፋው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሥራውን የሚያውቁት የሚሠሩት ስለሆኑ፣ ከመምህር ገለጻ ይልቅ እርስ በርስ ጥያቄ ቢጠያየቁ የበለጠ ይማራሉ የሚል ነው። በጎ ጎኑ አስተማሪ አለመፈለጉ ነው፤ አደጋውም ያው ነው፤ ሥርዓት ካልተበጀለት ቡድኑ ወደ ጨዋታ ይወርዳል። ሥርዓት ማበጀት ግን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። እድር ያለው፣ እቁብ የጣለ፣ ሐረሪ ከሆነም በአፎቻው (በሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) ውስጥ ያደገ ሰው ዳኛ መምረጥን፣ ቀን ማክበርን፣ ያረፈደን መቅጣትን ያለ ሥልጠና ያውቃል። ቡድኑ ከዚህ ልምድ ሁለት ነገር ቢወስድ ይጠቅመዋል፤ አንደኛ የማይናወጥ ቀን፣ ሁለተኛ ለዘገየና ለቀረ አነስተኛ ቅጣት። የቅጣቱ ገንዘብ ለሻይ ይውላል።

የሁለት ሰዓቱ አካሄድ እንዲህ ቢሆን ይሠራል። አባላቱ ከስድስት እስከ ስምንት ይሁኑ። የዕለቱ ዳኛ ባለፈው ጊዜ ዕቅድ የያዘው ሰው ምን ላይ እንደደረሰ በመጠየቅ ይጀምራል። ቀጥሎ አንድ አባል አንድ ጉዳይ በአሥር ደቂቃ ያቀርባል፤ መጨረሻው ላይ ቡድኑ እንዲያስብለት የሚፈልገውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል። ለሌላ አሥር ደቂቃ ማብራሪያ ብቻ ይጠየቃል፤ «ለምን እንዲህ አላደረግክም?» የሚለው የጥያቄ ልብስ የለበሰ ምክር ስለሆነ ዳኛው ያስቆመዋል። ከዚያ ባለጉዳዩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ለሃያ ደቂቃ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ እርሱ እንደሌለ ቆጥረው ይወያዩበታል። ይህ ከባሊንት የተወሰደ ልማድ መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ በተለይ በጨዋታና በግልጽነት በምትታወቀው ድሬ፣ ሰው ስለ እርሱ እየተወራ ዝም ይበል ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ነገር ግን ባለጉዳዩ ራሱን ለመከላከል ዕድል ስለማያገኝ መስማት ይጀምራል፤ የአካሄዱ ጥቅም ከዚህ ይመነጫል።

መጨረሻ ላይ ባለጉዳዩ ይመለስና የሚያደርገውን አንድ ነገር ያቅዳል። ዕቅዱ ተሳታፊዎቹን በየሳምንቱ በሚያስገድዳቸው ሥርዓት ይሁን፤ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ እርግጠኝነቱስ ከ10 ስንት? «በሚቀጥለው ዙር የተሻለ አሠለጥናለሁ» ዕቅድ አይደለም። «በሁለተኛው ሳምንት ሥልጠና ላይ አንድ ተሳታፊ የሕክምና ጥያቄ ሲያነሣ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ከሌሎቹ ሐሳብ እሰበስባለሁ፤ እርግጠኝነቴ 8 ነው» ማለት ግን ዕቅድ ነው። ለዓመታት ሌሎችን ሲያቅዱ የኖሩ አንጋፋዎች ራሳቸው እንዲያቅዱ ሲጠየቁ ቁጥራቸው ከ7 በታች ሆኖ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም፤ ያን ጊዜ ተሳታፊው ምን እንደሚሰማው በደንብ ይገባቸዋል።

የዚህ መንገድ ድክመት ሦስት ቦታ ላይ ይታያል። አባላቱ ከአራት ካነሱ ሁለቱ ሲቀሩ ስብሰባው ይፈርሳል። ከአባላቱ አንዱ የሌላው አለቃ ከሆነ የተራ ዳኝነቱ ለይስሙላ ይሆናል፤ አለቃው ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ሌሎቹ ፊቱን አይተው ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ ሁሉም ከመመሪያው በአንድ አቅጣጫ ርቀው ከሆነ ቡድኑ ስሕተቱን እንደ ልምድ ያጸድቀዋል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ከዚህ በታች የሚመጣው መተያየት ነው።

የቴሌግራም ቡድን

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ወጪ የለውም፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገትም አያስወጣም። ለመጀመሪያው ወገን ጥያቄ፣ መልስ ላለው ጥያቄ፣ ጥሩ ነው፤ አንድ ፋርማሲስትና አንድ ሐኪም በአባልነት ቢገቡ የኢንሱሊኑና የረመዳኑ ጥያቄ በዕለቱ መልስ ያገኛል፤ የመመሪያው ገጽና የቀን ለውጥ ማስታወቂያም ይላክበታል።

ለሌላው ሁሉ አልመክረውም። የተጻፈ ነገር ፎቶ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይደርሳል፤ ከላይ የተነሣው ጥያቄ፣ ንግግሩ የት ይደርሳል የሚለው፣ እዚህ ላይ መልስ የለውም። ከወራት በኋላ ቡድኑን የሚሞላው የበዓል መልካም ምኞትና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዕፅዋት መድኃኒት መልእክት ይሆናል። በድምፅና በምስል መገናኘት የተሻለ ቢመስልም መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲዳከም ባለጉዳዩ ከባዱን ነገር በሚናገርበት ሰዓት ይቋረጣል። አንዱ አባል ለጊዜው ከከተማ ሲወጣ ለመጠባበቂያ ያህል ይበቃል።

ሁለት በሁለት መተያየት

አንዱ አንጋፋ የሌላውን ክፍል ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ያያል፤ በሚቀጥለው ወር ይቀያየራሉ። መመሪያውን ገልጦ መስመር በመስመር ይከታተላል፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደተዘለለ፣ ሐሳብ ማሰባሰቡ እንዳጠረ፣ የእርግጠኝነት ቁጥር እንዳልተጠየቀ፣ አሠልጣኙ የራሱን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተረከ ይጽፋል። የጻፈውን ወረቀት በዚያው ቀን ለታየው ሰው ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ቅጂ አይኖርም።

ከመመሪያ መራቅን የሚይዘው ከአምስቱ ይህ ብቻ ነው። ሌሎቹ አራቱ አሠልጣኙ ስለ ራሱ በሚናገረው ላይ ይቆማሉ፤ ይህ ግን በሚታየው ላይ ይቆማል። ችግሩ ሁለት ባልንጀራሞች ሲተያዩ መተዛዘኑ ነው፤ ወረቀቱ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብቻ ሆኖ ይመለሳል። ጥንዶቹን በዕጣ ማውጣትና በየሦስት ወሩ መለወጥ ይህን ይቀንሳል። ከተቻለ የድሬዳዋውን ከሐረሩ ማጣመር ይበልጥ ይረዳል።

ድሬዳዋ ወይስ ሐረር?

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ በሚኒባስ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። በየከተማው ለየብቻ ቡድን ማቋቋም ቀላል ቢመስልም እኔ ሁለቱን ማጣመርን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ የራሱ አስተዳደር፣ ሐረር ደግሞ የሐረሪ ክልል ርእሰ ከተማ ስለሆነ ጤና ቢሮዎቻቸው የተለያዩ ናቸው። በድል ጮራ ወይም በሳቢያን ሆስፒታል የሚሠራ ሰው በጀጎል ወይም በሕይወት ፋና በሚሠራው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ዕድገቱንም አይወስንለትም። ቡድኑ ከኃላፊ ጠረጴዛ እንዲርቅ ከማንኛውም የቃል ኪዳን ወረቀት ይልቅ ይህ ያግዛል። በተጨማሪም ስለ ገንደ ቆሬ ወይም ስለ መጋላ ተሳታፊ የሚነገር ታሪክ ሐረር ላይ ሲነገር የሚያውቀው ሰው የመኖሩ ዕድል ያንሳል። ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ስም ባይጠራም ሰፈሩ ከተጠራ ሰውዬው ተጠራ ማለት ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን፣ ሥራውንና እንደ አስፈላጊነቱ የሕመሙን ዓይነት ለውጦ ያቅርብ፤ በተለይ ኤች አይ ቪ ባለበት ጉዳይ ይህ ግዴታ ይሁን።

ቦታው በየተራ ይሁን፤ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ግን ሁሉም ወደ ሐረር ይውጣ። ሰዓቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ቢሆን ከጁምዓም ከእሑድ ቅዳሴም ጋር አይጋጭም። ከሰዓት በኋላውን መርሳት ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም፣ ዕረፍቱም፣ የጫቱም ሰዓት ስብሰባውን ይበልጡታል። በረመዳን ሻይው ይቅር፣ ሁለት ሰዓቱም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠር። አዳራሹ የማንም አባል መሥሪያ ቤት ባይሆን ጥሩ ነው። ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሥልጠናውን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ የሚሰጡ አባላት ተሳታፊያቸው ያለውን ነገር መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ይናገሩ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ይመልሱት፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያለው በአነጋገሩ ውስጥ ነው።

ማን ይግባ?

ቡድኑ ለአንጋፋዎች ብቻ ይሁን ወይስ አዳዲሶችም ይጨመሩ የሚለው ያከራክራል። አዳዲሶቹ ትኩስ ጥያቄ ያመጣሉ፤ ይሁን እንጂ እነርሱ ባሉበት አንጋፋው አስተማሪ ሆኖ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ ጥርጣሬ አይናገርም። ለእነርሱ ሌላ ቡድን ቢኖራቸው ይሻላል። በሙያ ግን መቀላቀል ያስፈልጋል፤ ነርሱ፣ የጤና መኮንኑና ከታማሚዎች ማኅበር የመጣው አሠልጣኝ በአንድ ላይ ይቀመጡ። ማዕረግ ከበር ውጭ ይቅር። በድሬና በሐረር ሰው ታላቁን ሁሉ አንተ ማለት ስለማይከብደው ይህ ከሌላው አገር ይቀላል ተብሎ ይታሰባል፤ ሆኖም «ሲስተር» እና «ዶክተር» የሚሉት መጠሪያዎች ሳይታወቅ ይመለሳሉና ዳኛው ነቅቶ ይጠብቅ።

የትኛው ለየትኛው?

ሥልጣን ያለው ሰው ከአባላቱ መካከል ማውጣት ካልተቻለ በተራ የሚመራውን ቡድን መጀመር አያዋጣም፤ በጥንድ መተያየት ብቻ ይጀመር፣ እርሱ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚያውቀው ነው። በሁለቱ ከተሞች ያሉት አንጋፋዎች ከአራት ካነሱም እንዲሁ፤ ያን ጊዜ ከጅግጅጋ ወይም ከጭሮ ሰው መፈለግም ይቻላል። በቅርቡ ከባድ ነገር የደረሰበት ቡድን ከውጭ አወያይ ይጀምር። በቂ ሰው ያለውና ከአለቃ ነጻ የሆነ ቡድን በተራ ይመራ፣ በመካከሉ በጥንድ ይተያይ፣ ቴሌግራሙን ለቀንና ለፋርማሲስቱ ጥያቄ ብቻ ይጠቀም፤ የምስክር ወረቀትንና የበጀትን ጉዳይ ለመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ይተወው። የትኛውም ይመረጥ፣ ለስድስት ስብሰባ ያህል ተስማምቶ መጀመርና በስድስተኛው ላይ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ ድምፅ መስጠት ይገባል። ሁለት ተከታታይ ስብሰባ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ከጠፋ፣ ወይም የሚቀርበው ሁሉ የተሳካ ታሪክ ከሆነ፣ ስድስተኛው እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ቀን ጉዳይ የሚያቀርበው ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ያሠለጠነው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያቀርበውም እስካሁን መላ ያላገኘለትን ይሁን። ታናሾቹ እርሱ ምን ያህል እንደተናገረ አይተው የራሳቸውን ልክ ስለሚያበጁ፣ አዘጋጁ ከሳምንት በፊት ደውሎ ጉዳዩን መያዙን ያረጋግጥ።